አማቱ የሚነፉት ጎማ

«ቲቸር... የሚጠላህ ሰው አለ እንዴ?»

ጎሚስታው ሸምሶ ነው የሚጠይቀው... ወልቂጤ መንገድ ዳር፣ ሥራ ቦታው ላይ ቁጢጥ ብሎ።

ያረጋል ደነገጠ። የመጣው ጎማ ሊያሳይ እንጂ ሊያስጠነቁል አይደለም!

ያረጋል ከጎጃም መጥቶ ወልቂጤ የሚያስተምር ሰው ነው። ትንሿ መኪናው ጎማ እየበላች አስቸግራዋለች... አዲስ ያስገባል፣ ብዙም ሳይቆይ መላጣ ይሆናል።

«እየው» አለ ሸምሶ ጎማውን እያሽከረከረ። «ጫፍና ጫፉ ደህና ነው... መሀሉ ብቻ አልቋል። ነፋስ ሲበዛበት ሆዱ ይነፋና በመሀሉ ብቻ ይሄዳል።»

«እኔ እኮ ካንተ ሌላ ጋ ነፋስ አስሞልቼ አላውቅም!»

«ወላሂ በልኩ ነው የምሞላልህ። ሌላ ሰው እየጨመረበት ነው... ዝናብ ላይ ያንሸራትትሃል፣ ተጠንቀቅ።»

ሌላ ሰው?

መኪናዋ የምታድረው ግቢው ውስጥ ነው። ከዓይኑ የምትርቀው እሁድ እሁድ ብቻ... አገና፣ የሚስቱ የማርቲ ወላጆች ጋ ሲሄዱ።

እዚያ ያሉት ደግሞ አማቱ አባባ ስምዖን ናቸው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ... «ልጄን ለማላውቀው አገር ሰው አልሰጥም» ብለው ሰርጉ ላይ ያልተገኙ ሰውዬ። እስካሁን ከሰላምታ ያለፈ ቃል አውጥተውለት አያውቁም።

ያረጋል ቤቱ እንደገባ ፈነዳ።

«አባትሽ ሊገድሉኝ ነው! ሁለተኛ አገና አልሄድም!»

ማርቲ እንባዋ መጣ። «አባቴ ይሄን አያደርግም... ይሄን እሁድ ብቻ እንሂድ። በዓይንህ ካየህ እኔም አላስቸግርህም።»

እሁድ ምሳ ላይ አባባ ስምዖን እንደ ልማዳቸው ቀድመው ተነሱ። ያረጋል ቀስ ብሎ ተከተላቸው...

መኪናዋ ሥር ተንበርክከዋል። አሮጌ የእጅ ፓምፕ ይዘው፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ ይነፋሉ። ጎማውን በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል... አሁንም ይነፋሉ።

«አባባ... ምን እያደረጉ ነው?»

ሽማግሌው እፍረት ያዛቸው።

«ጎማህ ለስላሳ ነው፣ ልጄ... እኔ ስነዳ እንደ ድንጋይ ነበር የማጠነክረው። ጎማ የከዳው ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።»

ልጄ አሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ለማርቲ ሰግተው ነው?» አለ ያረጋል።

«መኪናው ማርቲን ብቻ ነው እንዴ የሚይዘው? አንተስ?»

ያረጋል ጠጋ አላቸው።

የከባድ መኪና ልክ ለትንሽ መኪና እንደሚበዛ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ... ግን ላባቸውን ጠርገው እንደገና ፓምፑን ሲይዙ አየ። እሱም ተንበርክኮ ፓምፑን ተቀበላቸው። የቀረውን አብረው ነፉ።

ይኸው እስከ ዛሬ እሁድ እሁድ ሁለቱ አብረው ይነፋሉ...

ያረጋል ደግሞ ከአገና ወጣ እንዳለ መኪናውን ዳር ያቆምና የተጨመረውን ያስተነፍሳል። ማርቲ ውስጥ ሆና ትስቃለች... ዓይኗ ግን እንባ ያቀርራል።

ወዳጆቼ... አንዳንድ ሰው «እወድሃለሁ» ማለት አይችልበትም። በእጁ ያለው ፓምፕ ብቻ ነው። ፊቱ ስለከበደን ብቻ ልቡ ላይ አንፍረድ።

እስቲ እናንተም ተናገሩ... ይጠላኛል ስትሉት በጓሮ ሲለፋላችሁ ያገኛችሁት ሰው ማን ነው? እናንተ ያረጋልን ብትሆኑስ... እውነቱን ትነግሯቸው ነበር ወይስ ዝም ትላላችሁ?