የእሳቸው አልጋ

አናጢው ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ቤት አልጋ ሲሠራ የገዛ ልጁ ግን ሁለት ዓመት እስኪሞላው በአባቱና በእናቱ መሃል ነበር የሚተኛው። ሚስቱ ስትነዘንዘው ከረመች። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እጅጌውን ሰበሰበ።

አንዴ ከተነሳ ደግሞ የሚመልሰው የለም። "ልጁ እስኪዳር የሚያገለግለው ክፍል ነው የምሠራው" ብሎ ፎከረ። አልጋው ከእግርጌው እየተሳበ የሚረዝም፣ መከለያው የሚነቀል፣ መደርደሪያው ከልጁ ቁመት ጋር ከፍ የሚል፣ ጠረጴዛው ቆይቶ እግር የሚቀጠልለት ሆነ። ግድግዳውን ከወገብ በታች በሚታጠብ ቀለም ቀባው። ድንቡሼ፣ ልጁን እንደዚያ ነው የሚጠሩት፣ እርሳስ ከያዘ ግድግዳ አይምርም።

ድንቡሼ ሌላም ጠባይ ነበረው። አባቱ መጋዙን ሲያስጮህ ደጃፉ ላይ ጋሪው ውስጥ ሆኖ ለጥ ብሎ ይተኛል። መጋዙ ዝም ሲል ብድግ ብሎ ያለቅሳል። "የአናጢ ልጅ!" ይላል አባቱ በኩራት።

ሚስቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ያን ሰሞን ዓይኗ ቀልቶ ነበር የምትውለው።

"ትናንት የአንዱን ሽሮፕ ለሌላው ልሰጥ ስል ለጥቂት ተረፍኩ" አለችው።

"ድንቡሼ ነዋ! ሲራገጥ ነው የሚያድረው።"

ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው።

"ከልጁ አልጋ ስር የሚሳብ ሌላ አልጋ ጨምርልኝ። ለትልቅ ሰው የሚሆን።"

"ለማን?"

"ለእንግዳ።"

"የምን እንግዳ?"

"ወይ ጣጣ! አንተ ብቻ ሥራልኝ።"

አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ። እዚህ ቤት አድሮ የሚያውቅ እንግዳ አንድ ብቻ ነው፤ አማቱ። እሳቸው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ናቸው። የወጡት ግን ከትምህርት ቤቱ እንጂ ከዲሬክተርነቱ አይደለም። ባለፈው ለሦስት ቀን ብለው መጥተው ሦስት ሳምንት ሲቀመጡ ጫማውን የት እንደሚያወልቅ፣ ሲያዛጋ አፉን እንዴት እንደሚሸፍን፣ በር ሳያስጮህ እንዴት እንደሚዘጋ አስተምረውታል። እጁን አውጥቶ "ሽንት ቤት ልሂድ?" ሊል ምንም አልቀረውም ነበር። ክፉ ሴት አይደሉም፣ አይካድም። አናጢው የፈራው አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ዕድሜው፣ በገዛ ቤቱ፣ እንደገና ተማሪ መሆን።

ማክሰኞ ዕለት ጥርጣሬው እርግጥ ሆነ። ሚስቱ ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ በመስኮት ሰማት።

"እሳቸው እንግዲህ ከታች ነው የሚተኙት" ትላለች፣ በሳቅ እየፈረሰች። "ኧረ ገና አልነገርኳቸውም! መጀመሪያ ይቆጣሉ፣ ያኮርፋሉ፣ ኋላ ይለምዱታል። የት ይሄዳሉ?"

እሳቸው! አናጢው ክው አለ። በዚህ ዘመድ ውስጥ ከአማቱ ሌላ አንቱ የሚባል ማን አለ? ሚስቱ እናቷን ፊት ለፊት "አንቺ" እንደምትል ትዝ ብሎት ነበር። ዲሬክተር በሌለበትም ይፈራል ብሎ አለፈው።

እንዲያው ቢንገበገብም እምቢ ማለት አልቻለም። አማቴ ደጄን አይርገጡ የሚል ባል ምን ይባላል? ስለዚህ በአፉ ያላለውን በመዶሻው አለው። ለሚሳበው አልጋ ጉጥ የበዛበት ጣውላ መረጠ። ስፖንጁን አሳሳው። ቁመቱን አንድ ስንዝር ቀነሰው። በዚያ ላይ አንዱን አግዳሚ ከሌሎቹ ከፍ አድርጎ መታው፣ ልክ ወገብ የሚያርፍበት ላይ። ሲጨርስ ተጋድሞ ሞከረውና "ውይ!" ብሎ ተነሳ።

"ሦስት ቀን" አለ ወገቡን ይዞ እየሳቀ። "ከሦስት ቀን በላይ የሚችለው ሰው ካለ እኔ አናጢ አይደለሁም።"

እሁድ ረፋድ ላይ አማት መጡ። አናጢው ሻንጣ ፍለጋ ዓይኑን ላከ። የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የያዙት። ሻንጣው ኋላ ይመጣል ማለት ነው አለ በሆዱ።

አማት ክፍሉን እንደ ፈተና ወረቀት መረመሩት። መደርደሪያውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። ጠረጴዛውን ነቀነቁ። የቀለሙን መስመር በጣታቸው ተከተሉት።

"ይኼን ማን ቀባው?"

"እኔ ነኝ እማማ።"

"ቀጥ ብሏል። ጎበዝ!"

አናጢው ደነገጠ። በትዳሩ አራት ዓመት ውስጥ "ጎበዝ" ሲሉት የመጀመሪያቸው ነው። ደስ አለው፤ ደስ ሲለው ደግሞ የሠራው ተንኮል ጸጸተው። አማት ይህን ጊዜ የታችኛውን አልጋ ስበው በመዳፋቸው ጫን ጫን ያደርጉት ነበር።

"ልጄ፣ ይኼ እኮ ይቆረቁራል" አሉ።

"ተዪው እማዬ፣ ባለሙያው ራሱ አስቦበት የሠራው ነው" አለች ሚስቱ።

አናጢው ከዚህ በላይ አልቻለም። "ይቅር በሉኝ እማማ! ነገውኑ አስተካክለዋለሁ። በዚህማ እርስዎ አይተኙም!"

"እኔ?" አሉ አማት። "እኔን ደግሞ ምን አመጣኝ? አልጋዬ ቤቴ ነው፣ ክፍሉን ላየው ብዬ ነው የመጣሁት፣ አመሻሽ ላይ እሄዳለሁ።"

አናጢው ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ የእሱን ትራስ ታቅፋ ቆማለች።

"ድንቡሼ ያለ ማንኮራፋትዎ አይተኛም፣ እኔ ከነማንኮራፋትዎ አልተኛም" አለችው፣ ትራሱን ከታችኛው አልጋ ላይ እያኖረች፤ "በሉ ጌታዬ፣ እንኳን ለአዲሱ አልጋዎ አበቃዎት!"