የዒድ ዋዜማ ሹሩባ

ዛህራ ከሞተች ወዲህ የታናሽ እህቷን የናጃህን ጸጉር የነካ ሰው አልነበረም። ዒድ ሲደርስ ቡታጅራ ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ አስቀምጣ ሹሩባ የምትሠራት ዛህራ ነበረች። ዘንድሮ እናታቸው ሃሊማ፣ "ጸጉርሽን እንዲህ አንጨብርረሽ ዒድ አትውይም" አለችና የጎረቤታቸውን ልጅ ሲናን ለምናላት ገበያ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ናጃህ ጀርባዋን ለቤቱ በር ሰጥታ ዱካ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ ከኋላዋ የመጡ ጣቶች ጸጉሯን ከፈል ከፈል ማድረግ ጀመሩ።

"ሲናዬ፣ በጓሮ ነው እንዴ የገባሽው?" አለች።

ጣቶቹ ወደ መጎንጎኑ አለፉ። ዓይኗ በለቅሶ ስላበጠ ናጃህም መዞሩን አፍራ ተወችው። እጆቹ ቀዝቃዛ ቢሆኑም አያያዛቸው ስለተመቻት አንጀቷ ራሰ።

"ቤታችን የእህቴን ስም የሚጠራ የለም" አለች ቀስ ብላ። "እኔም ድምጿ እየጠፋብኝ ነው። ለማስታወስ ስሞክር አይመጣልኝም።"

ጣቶቹ ለአፍታ ቆም አሉ፤ ከዚያ መጎንጎናቸውን ቀጠሉ።

ይሄኔ ፊት ለፊቷ ያለው የግቢ በር ተከፈተ። ሲና ማበጠሪያ ይዛ፣ "ናጁ፣ ይቅርታ፣ ውሃ መጥቶልን ስቀዳ…" እያለች ገባችና ንግግሯን ሳትጨርስ ቀጥ አለች። የምታየው ናጃህን ሳይሆን ከናጃህ ራስ በላይ ነበር።

ናጃህ ልትነሳ ስትል አንድ እጅ ትከሻዋን በቀስታ ጫን አደረጋት።

"አትነቃነቂ፣ ልጨርስ ነው" አላት ከኋላዋ የመጣ ድምፅ።

ናጃህ ድምፁን አወቀችው።