የዝገት ስም

ማሎቲ ሰሌዳው ፊት ቆማለች፤ እኔ ደግሞ ተቀምጬ እንድትሳሳት እየለመንኩ ነው። ምን ልዋሽ።

እኛ ትምህርት ቤት የተማሪ ቁጥር የሚሰጠው በውጤት ነው። ቁጥር አንድ ማለት አንደኛ ማለት ነው። ሪክሾ የሚነዳው ሰውዬ እንኳ ገና ስሜን ሳይጠይቀኝ "ቁጥርሽ ስንት ነው?" ይለኛል። አምስት ዓመት ሙሉ ደረቴን ነፍቼ "አንድ" ስል ኖሬ፣ ዘንድሮ ይቺ ከባሪሻል የመጣች ልጅ ነጠቀችኝ። ቅናት እያንገበገበኝ ነው። ይባስ ብላ ጓደኛዬ ናት፤ ሩዝና ዓሣዋን ሳታካፍለኝ በልታ አታውቅም። ብትጠላኝ ይቀለኝ ነበር።

የኬሚስትሪ መምህራችን ሺዩሊ አፓ፣ እኛ ዘንድ ሴት መምህር "አፓ"፣ ታላቅ እህት፣ ነው የምትባለው፣ ለወረዳው የሳይንስ ውድድር ዛሬ ከሁለታችን አንዳችንን ይመርጣሉ። እሳቸው ቀመር ይጽፋሉ፣ እኛ ስሙን እንጠራለን፤ የሳተች ወደቀች። ሶዲየም ክሎራይድ፣ ማግኒዥየም ኦክሳይድ፣ አሉሚኒየም ኦክሳይድ፤ እስካሁን ሁለታችንም አልሳትንም።

አሁን ተራው የማሎቲ ነው። አፓ የዝገትን ቀመር ጻፉ፤ ሁለት ብረት፣ ሦስት ኦክስጅን። ብረት አመለኛ ነው፤ አንዳንዴ ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ አንዳንዴ ሦስት። ስለዚህ ስንት እንደሰጠ ከስሙ ጋር መጠራት አለበት። ሦስቱ ኦክስጅኖች ስድስት ይወስዳሉ፤ ለሁለት ብረት ሲካፈል ለያንዳንዱ ሦስት ይደርሳል። የቸኮለ ሰው ግን ብረቶቹን ቆጥሮ "ሁለት" ብሎት ያርፋል።

"ብረት..." ትልና ማሎቲ ዞር ብላ ታየኛለች። አስተያየቷ የሚለምን ነው።

ደብተሬን ከለል አድርጌ ሁለት ጣቴን አሳያታለሁ።

"ብረት ሁለት ኦክሳይድ።"

አፓ ካንቺ አልጠበቅሁም ብለው ወደ ቦታዋ ይመልሷታል። እኔ ብድግ ብዬ "ብረት ሦስት ኦክሳይድ" እላለሁ። ክፍሉ ያጨበጭባል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ማሎቲ አጠገቤ ቁጭ ትላለች። አሁን ጉዴን ታፈላዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ትላለች።

"እኔ እኮ በሆዴ ሦስት ብዬ ነበር። አንቺ ሁለት ስትይኝ ተውኩት። እንኳንም ላንቺ ትክክለኛው በጊዜ ትዝ አለሽ።"

ፊቷን አየዋለሁ። የምጸት ምልክት እፈልጋለሁ፤ የለም። ከልቧ ነው።

አፓ የውድድሩን ቅጽ አምጥተው ፊቴ ያስቀምጣሉ። እስክሪብቶ አነሳለሁ፤ ክዳኑን ሳልነቅል ለመጻፍ እሞክራለሁ። ማሎቲ ደስታ ይመስላታል መሰለኝ፣ ትስቃለች።

"አምጪው ባክሽ፣ ታበላሺዋለሽ" ትልና እስክሪብቶውን ከእጄ ትወስዳለች። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ፣ ቀስ እያለች፣ አንድ ፊደል ሳትስት ስሜን ትጽፈዋለች።