የጋራው ግድግዳ

ደብሊን ውስጥ፣ ጆርጅ በተባሉት የእንግሊዝ ነገሥታት ዘመን ተያይዘው ከተሠሩት ባለ ፎቅ የጡብ ቤቶች በሁለቱ ዲሊያና ታላቅ እህቷ ኦነር ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። በእናታቸው ፒያኖ የተነሳ ተኳርፈው አሥራ ስምንት ዓመት አልተነጋገሩም። የሚለያቸው አንድ የጋራ ግድግዳ ነው። ኦነር ግድግዳው ውስጥ የተሠራውን ምድጃዋን ስታነድ ግድግዳው በዲሊያ በኩልም ይሞቃል፤ ዲሊያም ለማንም ሳትናገር ወንበሯን አስጠግታ ጀርባዋን ታሞቅ ነበር።

ባለፈው ጥር ኦነር ከግድግዳው ወዲያ ሆና ዲሊያን በስሟ ሦስት ጊዜ ጠራቻት። ዲሊያ «አሁን ገና ትዝ አልኳት?» ብላ ሻይዋን ጠጣች። በማግስቱ የኦነርን አስከሬን አወጡ።

በግንቦት የኦነር ቤት ፈረሰ። ወለሉም ጣሪያውም ተነሥቶ፣ የየፎቁ ምድጃዎቿ ብቻ በዲሊያ ግድግዳ ላይ አንዱ ካንዱ በላይ ተንጠልጥለው ቀሩ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዲሊያ እንደ ልማዷ ስትቀመጥ ጀርባዋን ሞቃት። ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችና እየተቆጣች ፍርስራሹን ወደሚያነሱት አፍራሾች ወረደች።

«እናንተ! ግድግዳዬ ሥር እሳት የለኮሰው ማነው?»

አለቃቸው ኪሁ ቆቡን አውልቆ ቆሟል። «እኛማ እርስዎን ልንጠይቅ ነበር፣ እማማ» አለና ወደ ላይ አመለከታት።

ሦስተኛው ፎቅ ከፍታ ላይ፣ መሰላል እንኳ በማይደርስበት ምድጃ ውስጥ፣ የድንጋይ ከሰል ፍም ሆኖ ይነድዳል።

ዲሊያ «ነፋስ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ፍሙ ቀስ ብሎ ተገላበጠ፤ ከላዩም አዲስ ከሰል ተጨመረበት።