የቆጮው ጉድጓድ

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጓሮው ከነእንሰቱ የአባቴ ነው፤ ብንፋታም እሷ የምትካፈለው የላትም» አለ ባሏ። ናጃህ አንገቷን ደፋች። እሷም እውነት ይመስላት ነበር።

ከጉብሬ መጥታ በነፃ የቆመችላት ወጣት ጠበቃ ተነሳችና ባልየውን በትሕትና ጠየቀችው። «ቆጮው የተቀበረበት ጉድጓድ የት ጋ ነው?»

ሰውየው ቤት ውስጥ ዕቃ ሲጠፋበት እንደለመደው ወደ ናጃህ ዞሮ፣ «የት ጋ ነበር የቀበርሽው?» አላት።

ዳኛዋ ሳይቀሩ ብዕራቸውን አስቀምጠው አፍ አፏን ያዩ ጀመር። ናጃህ እንሰት መፋቅ ያሻከራቸውን እጆቿን፣ ገና ዛሬ እንደተሰጧት ሁሉ፣ ትክ ብላ አየቻቸው። ቀስ ብላ ተነሳች።

«የቱን?» አለች። «የዘንድሮውን ነው ወይስ የካቻምናውን?»