የእርሳሷ ክብ

ፕሮፌሰሩ በእንግዶቹ ፊት መቀሱን እንደያዙ ጽንስ የያዘውን የዶሮ እንቁላል ደጋግመው አገላበጡት። የሚፈልጉትን ከጎናቸው የቆመችው የላቦራቶሪ ሠራተኛ ታውቅ ነበር፤ በእርሳስ የተሠራች ትንሽ ክብ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንቁላሎቹን በጎን አስተኝታ፣ ጽንሱ ከላይ የሚንሳፈፍበት ቦታ ላይ ምልክት ስታደርግላቸው ኖራለች። እሳቸው ክቧን ተከትለው ይቆርጡና፣ ኋላ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ስስ እጥፋት ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ ቱቦ ሲሆን ተቀምጠው ያያሉ። ያዩትንም መጽሐፍ አድርገው አሳተሙት። የእሷ ስም ምስጋናው ውስጥ እንኳ የለም። ዛሬ እርሳሷን ከኪሷ አላወጣችም።

ቢቸግራቸው በግምት ቆረጡት። አስኳሉ በጣቶቻቸው መሃል ተዝረከረከ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። አንዱ እንግዳ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

“ምን ነካሽ አንቺ?” አሏት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው። “የቱ ጋ ነው የምቆርጠው?”

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ለእንግዶቹ ከተደረደሩት የመጽሐፋቸው ቅጂዎች አንዱን አንሥታ፣ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

“እዚህ ውስጥ አይጠፋም፣ ፕሮፌሰር” አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። “እርስዎ አይደሉ እንዴ የጻፉት?”