የኢክራ እጣ

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ትምህርት ቤት በክረምቱ ስለተዘጋ የመርካቶው ዱባይ ተራ ሱቆች ሁሉ ሕፃናት ማቆያ ሆነዋል። የልጆች ጫማ የምትሸጠው ጠይባም የአምስት ዓመት ልጇን ኢክራን ይዛ ነው የምትውለው። ኢክራ ደግሞ፣ አላህ ያሳድጋትና፣ “ቆይ” የሚባል ነገር አይገባትም። ባለፈው እንኳ ለእንግዳ የቀረበውን ሐልዋ፣ እንግዳው እጁን ታጥቦ እስኪመለስ ጠርጋ በላችው። ጠይባ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

“ይቺ ልጅ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። መጠበቅ ሳታውቅ ምን ይውጣታል?” አለች ለአባቷ። ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

“እቁብ ትግባ” አሉ ሀጂ ዛኪር።

ሀጂ ሠላሳ ዓመት የእቁብ ዳኛ ነበሩ። ስኳር ከያዛቸው ወዲህ ግን የልጃቸው ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። ጠይባ ጣፋጭ የሚባል ነገር ከልክላቸዋለች። ለጎረቤት ሱቆች ሁሉ “ለአባቴ ከረሜላ የሸጠ ወዮለት!” ብላለች። የተፈቀደላቸው በቀን አንዲት ተምር ናት።

ሰኞ ጠዋት እቁቡ ተጀመረ። አባላቱ አምስት ልጆች፣ መዋጮው በቀን አንድ አንድ ከረሜላ። ዳኛው ሀጂ ሆኑ። መጻፍ የምትችለው የመጋረጃ ሻጯ የእታለም ልጅ፣ ሶፊ፣ ደብተር ይዛ ጸሐፊ ሆነች። እጣ ሲወጣ የመጀመሪያው ለጎረቤቱ ባለሱቅ ልጅ ለኢርፋን፣ የመጨረሻው የዓርቡ ደግሞ ለኢክራ ደረሰ።

ኢክራ ጩኸቷን አቀለጠችው። ሀጂ አጠገባቸው አስቀምጠው በጆሮዋ አንድ ነገር ሹክ ቢሏት ዝም አለች። ጠይባ “እሰይ የኔ አባት!” አለች በሆዷ።

ማታ ልብሷን ስታወልቅላት ከኪሷ የተምር ዘር ወደቀ። “ወይ ጉድ፣ ይቺ ልጅ ከመንገድ የማትለቅመው የለም!” ብላ ወረወረችው።

ጠይባን ያሳሰባት ኢርፋን ነበር። ቀድሞ የወሰደ ሰው ኋላ ጠፍቶ ስንቱን እንዳስለቀሰ መርካቶ ያውቃል። ኢርፋን የሰኞውን አምስት ከረሜላ ባንዴ አፉ ሲከት በዓይኗ አይታለች። ማክሰኞ ዘግይቶ መጣ። ረቡዕ ጭራሽ “ጠፋብኝ” አለ።

ሀጂ እሳት ጎረሱ። “የበላሃትን ትከፍላታለህ! የሰው እጣ ይዘህ የት ልትደርስ?” ብለው ከዘራቸውን አንስተው አባቱ ሱቅ ድረስ ወሰዱት፤ አስከፈሉትም። ጠይባ አንጀቷ ራሰ። ለልጅ ልጃቸው እንዲህ መሟገታቸው!

ለኢክራም ቢሆን አልሰነፉም። በየጠዋቱ እጇን ይዘው ሶፊ ዘንድ ይወስዷታል፤ ከረሜላዋ የእቁቡ ከረጢት ውስጥ እስክትገባ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ኢክራ እንደሆነ አንድም ቀን “ተራዬ መቼ ነው?” አላለችም።

ሐሙስ ጠይባ እታለምን ጠርታ፣ “ልጄ ሰው ሆነችልኝ! እጣዋን ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ብታያት! በትዕግስቷ በአያቷ ወጥታለች” አለቻት። በር ላይ የተቀመጡትን ሀጂን ሳል ያዛቸው።

ዓርብ ደረሰ። ሀጂ ከጁምዓ ሲመለሱ እግራቸው መሬት አልነካም። ልጆቹ ሱቁ በር ላይ ተሰብስበዋል። ኢርፋንም ሳይወድ በግዱ ከፍሏል፤ አምስቱም ከረሜላ ሞልቷል። ጠይባ ጫማ የሚለካ ደንበኛ ጥላ ወጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ሶፊ ከረጢቱን አንስታ ኢክራን አለፈቻትና ሀጂ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

“ሶፊዬ፣ ተሳሳትሽ እኮ፤ የዛሬው የኢክራ ነው” አለች ጠይባ።

ሶፊ ደብተሯን ገልጣ አየች። “አይ እትዬ ጠይባ፣ ኢክራማ እጣዋን ሰኞ ሸጣዋለች፤ በአንድ ተምር።”